ሚኒስትሩ የጠጡት ውሃ

ልጄ «እማ፣ ውሃ!» ስትለኝ ምን ልስጣት? ይሄው እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ቧንቧው ያለው እኛ ግቢ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከእሱ ይቀዳል። ከላይ በኩል የቆዳ ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ሲጠጡት ግን ምላስ ላይ የሆነ ነገር ይቀራል። ልጆቹ ሆዴን ሆዴን ይላሉ። የእኔዋማ ከሰውነት ተራ ወጥታ ነበር። ሐኪሙ «ውሃ ቀይሩላት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ከሚሠራበት ጋራዥ ጉድጓድ በጀሪካን እያመጣላት እሱን ብቻ ትጠጣለች። ለሌላው ሰው ማዘጋጃ ቤቱ በቦቴ መኪና ይልክ ነበር። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል።

አቤት ያላልንበት የለም። ማዘጋጃ ቤቱ «የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ነው» ይለናል። አካባቢ ጥበቃው «ማዘጋጃ ቤት ሂዱ» ይለናል። በኋላ ሁለቱም በአንድ ሚኒስትር ሥር ሆኑ ተባለ።

ባለቤቴ ሳቀ። «እንግዲህ ሰውየው ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ ሲያዟዙረን ሊኖር ነው» አለ።

የምክር ቤት ተመራጫችን ግን እልኸኛ ሴት ናት። ሚኒስትሩ ጥያቄ ሊመልሱ የሚቀርቡበት ቀን ዋዜማ ላይ ቤታችን መጣች።

«ነገ ጠዋት ከዚህ ቧንቧ አንድ ጠርሙስ ሞልተሽ አስቀምጪልኝ፣ እህቴ። ሹፌሬ ይወስደዋል» አለችኝ። «ንጹሕ ነው ካሉ በሰው ሁሉ ፊት ይጠጡታል። አልጠጣም ካሉ መልሱ እሱው ነው።»

«ጭጭ ብለው ቢጠጡትስ?» አለ ባለቤቴ።

«ገና አፋቸው ጋ ሲደርስ ፊታቸው ይናገራላ!»

ሳቅን። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ብቻ አልሳቁም። እማማ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቀልድ ብዙም አይሆንላቸውም። «ምነው ልጆቼ፣ በትልቅ ሰው!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጠዋት ጠርሙሱን አጥቤ፣ ከቧንቧው ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከዚያ ልጄን ላለብሳት ገባሁ። ስወጣ ባለቤቴ አገጩ ላይ አረፋ ለድፎ ቆሟል፤ የልጅቷ ጀሪካን ጎድሏል። ደሜ ፈላ።

«ደግሞ ለጢምህ?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም!»

«እግር አውጥቶ ነዋ የሄደው!»

ስንጨቃጨቅ ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። እማማ ጠርሙሱን ወስደው ሰጡት። እኛ ስንጨቃጨቅ እሳቸው በመላላካቸው አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮለኮለ። ሚኒስትሩ ስለ ቆሻሻ አነሳስ ተጠየቁ፤ «በጥናት ላይ ነው» አሉ። ስለ ዛፍ ተጠየቁ፤ «በሂደት ላይ ነው» አሉ። ከዚያ የእኛዋ ተነሳች። ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አሳየችና «ንጹሕ ነው ካሉ ይጠጡት» አለቻቸው። ምክር ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ተቀብሎ ለፍተሻ አቆይቶት እንደነበርም ተናገረች።

ሚኒስትሩ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። ላባቸውን ጠረጉ። አንድ ጊዜ ተጎነጩና ቆም አሉ። ከዚያ ጭልጥ አድርገው ጨረሱት።

«እውነቱን ልናገር፣ ከቤቴ ውሃ ይሻላል» አሉ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቦቴ መኪናው ቀረ። ለንጹሕ ውሃ ምን ቦቴ ያስፈልጋል ተባልን። የጋራዡ ባለቤትም ጉድጓዱን ቆለፈው። «ሚኒስትር የጠጣው ውሃ ለእናንተ ልጅ አነሳት?» ብሎ ባለቤቴ ላይ አላገጠበት። ሌላ ከየት ይምጣ? ልጄን ከቧንቧው አጠጣኋት። ሳይውል ሳያድር ሆዷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። የጎረቤቶቼም ልጆች እንደሷው ናቸው።

ሚኒስትሩ በጥበቃው በኩል ውሃውን እንዳስለወጡት ሰፈር ውስጥ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። እኔማ ምዬ እከራከር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ጠጥቶ ፊቱን ሳያጨማድድ የሚቆም ሰው የት አለ? ተመራጫችንም ተለውጧል ብላ አቤቱታ አስገባች። ጥበቃው ከሥራ ታገደ። እሱም የልጆች አባት ነው አሉ።

በቀደም ጉዳዩ እንደገና ምክር ቤት ቀረበ፤ እኛም ቤታችን በቴሌቪዥን አየን። ሚኒስትሩ አሁን አይስቁም።

«እኔ የሰጡኝን ነው የጠጣሁት» አሉ። «ውሃውን የለወጠ ሰው ካለ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ እስር ቤት ይገባል። እስካሁን የተጠረጠረው ጥበቃው ነው።»

«ዓይኑን በጨው ያጠበ!» አለ ባለቤቴ። «ራሱ አስለውጦ በድሃ ሊያላክክ!» በሩን በርግዶ ከጎረቤቶቹ ጋር ሊንጫጫ ወጣ።

እኔና እማማ ብቻ ቀረን። እማማ የልጄን ልብስ እያጠፉ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«ይሄን ሰው ዝም ብላችሁ ትረግሙታላችሁ» አሉኝ። «የለወጥኩት እኔ ነኝ። ከልጄ ቤት ለሰው የሚጠጣ ተብሎ እንዲያ ያለ ውሃ ይውጣ? እኔ ቆሜ?»

እባካችሁ ምከሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ለማን ትናገሩ ነበር?