መሪው እንዳይግል

«ካሴቱን ያስመጡልኝ ነው የምልዎት! ካልሆነ ቅርንጫፉ ድረስ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።»

ባልደረቦቿ «ሁለቴ» የሚሏት ሴት ይህን የምትለው የሆስፒታሉን ደረጃ እየዘለለች፣ ከኃላፊዋ ኋላ ኋላ እየተከተለች ነው። እሱ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። ሠራተኛው «አቶ ችግር የለም» የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ጣራ ቢያፈስ፣ መብራት ቢጠፋ ከአፉ የምትወጣው ያቺው ናት።

እሷንም «ሁለቴ» ያሰኛት ሥራዋ ነው። ራጅ ክፍሉ የሚያነሳው ፎቶ ሁሉ በኔትወርክ ተጉዞ፣ መጠባበቂያ ቅጂ በሚያዝበት ባካፕ ክፍል ያለው ዲስክ ላይ ይጠራቀማል። ዓመቱ ሲያልቅ እሷ ከዲስኩ ወደ ካሴት ትገለብጠዋለች፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ከዚያ ዲስኩ ለአዲሱ ዓመት ይጸዳል። አንዱ ካሴት እዚሁ ይቀራል፤ ሁለተኛው ከከተማው ማዶ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄዶ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ እዚህ እሳት ቢነሳ ያኛው እንዲተርፍ። የሚያደርሰው ኃላፊው ነው። «በእኔ መኪና ይሄዳል፣ ሾፌር አታስቸግሪ» ሲላት እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው ብላ አመስግናው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ በእናቷ ሳንባ ላይ አንዲት ነጥብ አየ። «የአምናውን ራጅ አምጪልኝ» አላት። «ነጥቧ ያኔም ከነበረች እንተዋታለን። ካልነበረች ግን ነገ ደረታቸውን እከፍታለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም።» ሁለቴ በርራ ሄዳ የአምናውን ካሴት ማሽኑ ውስጥ ከተተችው፤ ማሽኑ ክሩን በላው። በጣጥሶ፣ አኝኮ ተፋው። የቀረው ያ ማዶ ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው።

እናቷ ከዋናው በር አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሲያልፉ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሁለቴ በእጇ «መጣሁ» አለቻት።

መኪና ማቆሚያው ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሊወስደኝ ነው ብላ ወደ ፊተኛው በር ዞረች። እሱ ግን በስተኋላ ሄዶ የዕቃ መጫኛውን ክዳን ከፈተው።

ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። ከስኮርታ ጎማው ሥር፣ በክሪክና በአሮጌ ጫማ መሀል፣ ካሴቶቹ ተበታትነዋል። በእጇ ጽፋ የለጠፈችባቸው ወረቀቶች ቢጫ ሆነው ተጠቅልለዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ካሴቶቹ ናቸዋ!» አለ። «ከሕንፃው ውጭ ይቀመጡ አላልሽም? ይኸው፣ ውጭ ናቸው። ያ መንገድ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ዛሬ አደርሳለሁ፣ ነገ አደርሳለሁ ስል ቆየሁ። ደግሞ ከእኔ ጋር እየዋሉ ማን ይነካቸዋል? ችግር የለም።»

«እኔ ባካፕ ክፍል ውስጥ ሹራብ ደርቤ የምውለው ለምን ይመስልዎታል? ቅዝቃዜው ለእኔ ነው?»

ጎማውን በጉልበቷ ገፍታ የአምናውን ካሴት አወጣችው። ልጅ አተኩሶት እንደሆነ እንደሚታይ በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ይፋጃል። የፕላስቲክ ቀፎው አንድ ጥግ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ሳሙና ሟሙቶ ጎብጧል። ማሽኑ አይቀበለውም። ክሩ ግን ምናልባት ደህና ይሆናል። በጥላ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ፣ ቀፎውን ፈልቅቃ ክሩን ወደ ሌላ ቀፎ ካዛወረችው፣ ምናልባት።

«ይሠራል አይደል?»

«እናቴ ናት እዚህ ውስጥ ያለችው።»

አቶ ችግር የለም ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ፣ ሁለታችንም እንዳንጠየቅ፣ ማሽኑ በላው እንበል። አንዱን በልቶ የለ? ሁለቱንም በላ ብንል ማን ያውቃል?»

ሁለቴ ደሟ ፈላ። ያኔ ነው ዓይኗ በመኪናው ውስጥ አልፎ ፊት ለፊት ያረፈው። የፊት መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር የሚጋርድ፣ ብርማ የፀሐይ መከለያ ተዘርግቷል። ሰውየው ፀሐይ ምን እንደምታደርግ የማያውቅ ሞኝ ነው ብላ ልታዝንለት ምንም አልቀራት ነበር። ያውቃል። ጠንቅቆ ያውቃል።

«ተገኘ እንዴ ልጄ?» እናቷ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ከኋላቸው መጥታ ቆማለች።

«ተገኝቷል እማማ፣ ችግር የለም!» ኃላፊው ቀደም ብሎ መለሰ።

ሁለቴ ፊተኛውን በር በርግዳ መከለያውን ከመስታወቱ ላይ መነጨቀችው።

«ኧረ ምን ነካሽ? መሪው እኮ ይግላል!» ይህን ሁሉ ሲነጋገሩ እንዲህ ደንግጦ አልጮኸም ነበር።

«ይጋል! አንተ ሰውዬ፣ ይጋልልህ! እጅህን ይላጠው!»

ጎንበስ ብላ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ለቀመችና መከለያው ላይ ደረደረቻቸው፤ ያን ጎባጣውን ከመሀል አድርጋ ጠቀለለችው። እናቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ የጥቅሉን አንድ ጫፍ ያዘችላት፣ ሁለቱም እንዳያናውጡት እየተጠነቀቁ ወደ ሕንፃው ጥላ ሄዱ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቴ ዞር ብላ አየች። ኃላፊው ኮቱን አውልቆ መሪውን እያለበሰው ነው።