ባለጅራፏ የቀረችበት ጌም

የጌሙ ተፋላሚዎች ዝርዝር የወጣው በገበያ ቀን ነው። የዘመሮ ጎረምሶች በአፈወርቅ ጌም ቤት አንድ ስልክ ከበው አሥራ ሁለቱን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ባለጅራፏ የለችም።

«የሰባት በር ሰዎች» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ያላየ ሰው፣ ይሄን ያህል ምን አንጫጫቸው ይላል። በድራማው ውስጥ አንዲት የመንዝ ባልቴት አለች፤ በጎቿን ሊነዱ የመጡ ሦስት ሌቦችን በጅራፍ እየገረፈች ገደል አፋፍ ድረስ የምታባርር። ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ባለታሪኳ ወይዘሮ ጌታነሽ እዚያው ዘመሮ፣ ከሚካኤል ቤተክርስቲያን በታች ይኖራሉ። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ከድራማው ባለቤቶች ፈቃድ ገዝተው የድብድብ ጌም እንሠራለን ባሉ ጊዜ፣ እሳቸውም «ሥሩት» ብለው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠበቀ ጌም ነው።

«የቡና ቤቱ አሳላፊ ገብቷል!» አለ ፈንታ፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ። «በድራማው ሁለቴ ነው የታየው። ሁለቴም ትሪ ይዞ!»

«በትሪው ይማታላ።»

«ደላላዋም አለች። አዝማሪው ማሙሽም አለ።»

እዚህ ላይ ሁሉም ዞረው አፈወርቅን አዩት። ድራማው ላይ ራሱን ሆኖ የታየው ማሙሽ የአፈወርቅ ሚስት ወንድም ነው።

አፈወርቅ ጌም ቤት ከመክፈቱ በፊት የቤተክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ሙያው የአባቱ ነው። በሚካኤል ግድግዳ ላይ ያለውን የፍርድ ቀን ሥዕል የሣለው እሱ ነው። ልጆች ዓይን እየቆጠሩ ጻድቁን ከኃጥኡ ይለያሉ፤ ሁለት ዓይን ያለው ይድናል፣ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን የቀረው ይወርዳል። የጌሙ ሰዎችም የመንዝን ሰው የሚሥል ሲፈልጉ ይህን እጅ ነው የቀጠሩት።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ ጌታነሽን ደጃቸው ላይ አቁሞ ሣላቸው። ባና ደርበው፣ ጅራፍ አንስተው፣ ወደ ቀኝ ዞረው።

«ወዳንተ ልይ እንጂ፣» አሉት።

«አይ እማማ፣ ጌሙ ላይ ተፋላሚዎቹ እርስ በርስ ነው የሚተያዩት። ሰው የሚያያቸው ከጎን ነው።»

ሲጨርስ አሳያቸው። ብዙ አዩት። «እጅህ አባትህን ነው፣» አሉና እህል ሳያቀምሱት ሸኙት። በማግስቱ እህቴ ታማለች ብለው በአውቶቡስ ራቤል ሄዱ። የተመለሱት አውራ ጣታቸው ሰማያዊ ሆኖ ነው። ጎረቤት ቢጠይቃቸው፣ «የእህቴ ልጅ ሱፍ ስታቀልም ብረዳት ነው፣» አሉ።

ዝርዝሩ በወጣ ቀን ፈንታ እየሮጠ ሄዶ ነገራቸው። እንዝርታቸውን አላቆሙም።

«እኔ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድኩ። የሣለኝ ይጠየቅ።»

ይቺ ቃል ሰዓት ሳይሞላ ገበያውን ዞረች።

አፈወርቅ ማለ። «መጀመሪያ የላክሁት የእሳቸውን ሥዕል ነው። ለምን እንዳወጧቸው ለኔም አልነገሩኝ። በሚካኤል!»

«ሚካኤልን ተወው፤ ማሙሽን ጥራ፣» አሉት።

ለጌሙ ሰዎች ተጻፈ። «በሕጋዊ ምክንያት ቀርታለች» የሚል አንድ መስመር መጣ። ሕጋዊ ምክንያት ማለት ማሙሽ ነው ብሎ ዘመሮ ፈረደ። ዘመሮ ሲፈርድ ምስክር አይሰማም።

ጌም ቤቱ በሳምንት ውስጥ ባዶ ሆነ። በወሩ የሚካኤል ማኅበር ተራው የአፈወርቅ ነበር። ሚስቱ እስከዳር ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች፣ ቤቱን ጎዘጎዘች። አንድ ማኅበርተኛ አልመጣም። ዳቦው ሳይቆረስ አደረ።

ያኔ አፈወርቅ ባላጠፋው ጥፋት ድንጋይ ተሸክሞ ወይዘሮ ጌታነሽ ደጅ ቆመ።

«እማማ፣ አንድ ቃል ይበሉልኝ። ተማሪ ቤት ልጆቼ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። አገሬን ልለቅ ነው።»

«ምን ልበል?»

«አፈወርቅ አልበደለኝም ይበሉ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ።

«አንተ በዚህ በኩል ነው የምታውቀኝ፣» አሉት። ድንጋዩን የሚያወርድለት ጠፍቶ ራሱ አወረደው።

ፈንታ በበኩሉ ባለጅራፏ ትመለስ ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ፈረመ፤ ከሠለስቱ ምዕት ቁጥር ጋር ገጠመ ተብሎ ደስታ ሆነ። ወይዘሮ ጌታነሽ ግን እምቢ አሉ።

«ስለ ራሴ አልለምንም። ደግሞ ጣቴን አላቆሽሽም።»

«ኩራት እንዲህ ነው!» አለ ፈንታ፣ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ።

አፈወርቅ ቴሌቪዥኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከነልጆቹ በጧቱ አውቶቡስ ሄደ። ሸኚ አልወጣም። ወይዘሮ ጌታነሽ በዚያ ሰዓት ሚካኤል ነበሩ፤ ከፍርድ ቀኑ ሥዕል ሥር ቆመው።

ፊርማው አዲስ አበባ ደረሰ። ቤተል የምትባል የጌም ሠሪዎቹ ጸሐፊ የባለጅራፏን ፋይል አወጣች። ውስጡ አንዲት ወረቀት አለች፤ ባለፈው ክረምት ራቤል ላይ በማመልከቻ ጸሐፊ የተጻፈች፣ ከሥሯ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ያለባት። ቤተል የዘመሮን ፊርማ ከላይዋ ከመደረቧ በፊት አንድ ጊዜ አነበበቻት።

«እንደ ይሁዳ በአንድ ዓይን ተሥዬ አገር እንዲያየኝ አልፈቅድምና አውጡኝ፤ የወጣሁትም በገዛ ቃሌ መሆኑን ዘመሮ ያለ ሰው፣ ይልቁንም የሣለኝ አፈወርቅ፣ እንዳይሰማ።»