ንጹሕ አንገት

«ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ» አለ ዶክተር ቶኩማ። ቀመሪያ ሻርፗን ደረቷ ላይ ታቅፋ አንገቷን ሰጠችው። ቀዝቃዛው ጄል ከጆሮዋ ሥር ሲያርፍ ሰቀጠጣት።

የአልትራሳውንዱን እጀታ ቆዳዋ ላይ ጫን ሲያደርገው ማሽኑ ድምፅ አወጣ። ሽው… ሽው… ሽው…

«አይደንግጡ፤ የራስዎ ደም ነው። በአንገትዎ ሲያልፍ እንዲህ ይጮሃል።»

እሷ ግን ድምፁን ታውቀዋለች። የዛሬ ሰባት ዓመት ቡልቡላ ውስጥ፣ አባቷ ኑሬ በመድኃኒት ቤቷ ደጃፍ ወድቀው ይተነፍሱት የነበረው ትንፋሽ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሪጅ ሲያጓራም ትሰማዋለች፤ ንፋስ በሩን ሲገፋም ትሰማዋለች። ዛሬ ደግሞ ከገዛ አንገቷ ወጣ።

ያን ቀን የአባቷ አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ምች ነው ይላል፣ ግማሹ ዓይን ነው ይላል። ከመካከላቸው የተማረችው ቀመሪያ ናትና ስትሮክ መሆኑን አወቀች። አስፒሪን ለተዘጋ የደም ሥር እንደሚረዳ አንድ ሥልጠና ላይ ሰምታ ስለነበር፣ ሦስት ፍሬ አድቅቃ በማንኪያ ሰጠቻቸው። ወደ አዳማ ሲወስዷቸው መቂ ላይ ነፍሳቸው ወጣች። መኪናው ዞረ፤ ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበሩ። ጭንቅላታቸው ውስጥ የሆነውን ያየ መሣሪያ የለም።

ስትሮክ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያወቀችው ከቀብሩ በኋላ ነው። አንዱ የደም ሥር ሲዘጋ፣ ሌላው ሲፈነዳ። ለተዘጋው አስፒሪን መድኃኒት ነው። ለፈነዳው ግን ደሙ እንዳይቆም ያደርጋል። ይህን ለባሏም ለእህቷም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ ሆድ ግን አልፈጀውም።

ይህ ክሊኒክ ስትሮክ ቤታቸው የገባባቸውን ሰዎች አንገት በነጻ እንደሚመረምር ስትሰማ ሁለት መኪና ቀይራ መጣች። የአንገት የደም ሥር ግድግዳ ሲወፍር የሚዘጋው ዓይነት ይበዛል፣ ውፍረቱም በዘር ይሄዳል የሚል አንብባለች። የእሷ ወፍሮ ከተገኘ የአባቷም ወፍሮ ነበር ማለት ነው። የአባቷ ወፍሮ ከነበረ የተዘጋ ነው፤ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ የሰጠቻቸው መድኃኒት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሷ ግን ልትወርስ ነው የመጣችው።

«እሰይ!» አለ ዶክተሩ። «ዜሮ ነጥብ ስድስት ሚሊ ሜትር። ይሄማ የኮረዳ አንገት ነው። ይዩት፣ ፀጉር የመሰለች መስመር!»

«በደንብ ይፈልጉ እስቲ፣ ዶክተር።»

«ምን ልፈልግ?»

«ውፍረት። አይጠፋም እኮ።»

ዶክተሩ ሳቀ። «ሰው እዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ ‹የለም በለኝ› ነው የሚለኝ። እርስዎ ‹አለ በለኝ› ይላሉ እንዴ?» ቢሆንም አዙሯት በሌላውም ጎን ለካ። ያም ንጹሕ ነው። ቀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔን የሚያሳስበኝ ሲገቡ የተለካው የደም ግፊትዎ ነው» አላት። «መቶ ሰባ ደርሷል። እንዲህ ያለ ንጹሕ አንገትና እንዲህ ያለ ግፊት ሲገናኙ፣ የምፈራው የሚፈነዳውን ነው። መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀምራሉ። አባትዎስ ግፊት ነበረባቸው?»

«ልለካዎት ስላቸው ‹ምን አመመኝና› ይሉኝ ነበር።»

እጀታውን ከአንገቷ ሳያነሳ በሌላው እጁ ቅጹን ሳበ። «የእሳቸው ስትሮክ የትኛው ነበር? የተዘጋ፣ የፈነዳ፣ ያልታወቀ?»

ሽው፣ ሽው፣ ሽው አለ ማሽኑ፤ ፈጠነ። ዶክተሩ መጀመሪያ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ ፊቷን።

«የእኔ አንገት የእሳቸውን አይናገርም?» አለችው።

«የእርስዎ አንገት የእርስዎን ብቻ ነው የሚናገረው።»

«አስፒሪን ሰጥቻቸው ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሞቱ።» ሰባት ዓመት ያፈነችው ነገር ይህችው ነበረች።

ዶክተር ቶኩማ እጀታውን አነሳ፤ ማሽኑ ጸጥ አለ። «በሁለት ሰዓት ውስጥማ አስፒሪን ሰው አይገድልም» አላት በለሰለሰ ድምፅ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! «ይመስለኛል» ብሎ ጨመረበት።

ከዚያም «ያልታወቀ» ከሚለው ጎን ምልክት አድርጎ ሶፍት አቀበላት።

ቀመሪያ ጄሉን ከአንገቷ ጠረገች። ማሽኑ ጠፍቷል፤ ትንፋሹ ግን አልቆመም። አባቷ የተጣመመ አፋቸውን ሲከፍቱላት ታዩዋት። ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም። «አቲ ቤክታ» አሉ እንደምንም በኦሮምኛ፤ አንቺ ታውቂያለሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ማንኪያውን ላሱት። ከነጩ ዱቄት አንዲት ቅንጣት አላስቀሩም።