የሦስተኛው ዜማ መጨረሻ

«ጭጋግ» የተባለው ባንድ ዘፋኝ የለውም። አራቱ ወጣቶች የሚጫወቱት ግጥም የሌለው፣ ደመና የከበደው የሚመስል ሙዚቃ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው በተመረቀበት ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጊታር ተጫዋቿ ትንግርት ሲዲ ላይ እየፈረመች ሳለ፣ ክራቫት ያሰሩ ሽበታም ሰው ቀረቧት።

«ሦስተኛው ዜማ ልቤን ነካው፣ ልጄ። መጨረሻው ላይ ብቻ ተሳስታችኋል።»

«እንዴት?» አለች እየሳቀች።

ሰውየው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው አፏጩት። ዜማው እሷ ካቆመችበት አልፎ ቀስ እያለ ወረደና አረፈ።

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ዜማው የወንድሟ የናሁሰናይ ነበር፤ ጢሙን ሲላጭ እያፏጨ የፈጠረው። «መጨረሻው አልመጣልኝም» እያለ ሲፈልገው ከርሞ፣ አንድ ጠዋት የማያውቋቸው ሰዎች መጥተው ከቤት ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ይኑር ይሙት የነገራቸው የለም።

«አባባ... ይሄን የት ሰሙት?» አለች።

«ድሮ፣ ሥራ ቦታ» አሏት። «ዘብ ስቆም፣ ከብረት በሩ ኋላ ሁሉም ነገር ይሰማ ነበር።»

ከዚያም ጎንበስ ብለው እስክሪብቶውን አነሱላት።

«በይ ፈርሚልኝ፣ ልጄ።»