ለእናቴ አንጀት የተሳልነው ስእለት

ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከጣላት ወዲህ፣ እናቴ ሰው ሳታውቅ በግሉኮስ ብቻ ነበር የቆየችው። ፈሳሹ የደም ግፊቷን መለሰላት፤ በሕመሙ የተጎዳው አንጀቷ ግን ዝም እንዳለ ነበር። ሐኪሙ፣ «አየር ካወጡ አንጀታቸው ሥራ ጀመረ ማለት ነው፤ ያኔ ምግብ እንሞክራለን» አለን።

እናቴ እንኳን በሰው ፊት፣ ብቻዋንም የምታደርገው አይመስለኝም። ባለቤቴን ስንዱን ማዕድ ላይ ስላስነጠሳት ብቻ «አሳዳጊ የበደላት» ያለች ሴት ናት። ቢሆንም እኔና ስንዱ አልጋውን ግራና ቀኝ ይዘን ለአንዲት ፈስ ስእለት ተሳልን።

ከሰዓት በኋላ ከብርድ ልብሱ ሥር መጣ፤ ረዘም ያለና የማያጠራጥር። ስንዱ እልልታዋን አቀለጠችው። ነርሷ አጨበጨበች። እኔ ሊያያት የገባውን ሐኪም አንገቱን አቅፌ ሳምኩት።

በጫጫታው እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችንና ጣቷን ቀስ ብላ ወደ ስንዱ ቀሰረች።

«እሷ ናት» አለች።

ስንዱ እንባዋን እየጠረገች እጇን ለመሳም ጎንበስ አለች።

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»