ለይቅርታ የተመረጠ ድንጋይ

የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት አድማሴ ለይቅርታ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ ካለው የሽታዬ ቤት ደጃፍ ቆመ። ሽታዬ ድንጋዩን ትክ ብላ አየችው። ከአምባሻ አይበልጥም፤ ኮቱ እንዳይቆሽሽም ከሥሩ ፎጣ ደልድሎለታል። እሱ ዘንድ ተቀጥራ ሳለች ለመጋዙ መከለያ ይሠራለት ብላ ስትለምነው፣ "ከፈራሽ ቤትሽ ቁጭ በይ" ብሎ የሳቀባት ይኸው ሰው ነበር።

"አውርጂለት፣ ልጄ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "አውርጂለትና ክሱ ይቅር።"

"ኧረ ቶሎ በይ፣ አንገቴ ተቀጨ!" አለ አድማሴ እየሳቀ።

ሽታዬ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። መጋዙ የተወላት አውራ ጣቷን ብቻ ነበር።

"በዚህ እጅ ድንጋይ አይነሣም፣ አባቴ" አለቻቸው። "እንጅባራ ፍርድ ቤት ድረስ ይሸከመውና ዳኛው ያውርዱለት።"