እሳት የነካው ምሰሶ

ነጯ ሚኒባስ በጭነት መኪና ተጭና ቡሬ ወዳለው ጋራዡ ስትመጣ ኢርፋን ገና ከሩቅ አወቃት። የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ ባትላሜራ ደግሞ ያቀናውን ቆርቆሮ አይረሳም፤ ቢፈልግም አይረሳም።

«የፈጣም ወንዝ ጎርፍ ነው የገለበጣት» አለ የጭነት መኪናው ሾፌር፣ ገመዱን እየፈታ። «ባለቤቷን ላቀውን ብረቱን ቆርጠው ነው ያወጡት።»

ኢርፋን ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ዐይኑ የሄደው ከሚኒባሷ ሾፌር በር ኋላ ጣሪያዋን ወደያዘው የብረት ምሰሶ ነበር። ልክ እሱ በበየደበት ቦታ ለሁለት ተከፍሏል። ጭቃውን ጠርጎ ሊያይ እጁን ዘረጋና መለሰው።

ላቀው ሳይገዛት በፊት የቀድሞ ባለቤቷ ምሰሶዋን አጣሞ ያመጣት እሱ ዘንድ ነበር። የዛሬ መኪና ምሰሶ እንደ ድሮው ላሜራ አይደለም፤ ጠንካራ ብረት ነው፣ በእሳት ካቀሉት ጥንካሬው ይጠፋል። ደንቡ አውልቆ አዲስ መግጠም፣ እሱንም ሙቀቱ ሳይስፋፋ ነጥብ በነጥብ መበየድ ነው። ኢርፋን ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን አረፋ ደርሶ ነበር፣ ደንበኛውም ቸኩሏል። ጋዙን ለኮሰ፣ ብረቱን ፍም እስኪመስል አቀላው፣ በመዶሻ አቃናው፣ በየደው፣ በስቱኮና በቀለም ሸፈነው። ማን ያያል?

አሁን የሚያይ መጣ። የላቀው እናት እትየ ሀብትነሽ በማግስቱ ባለቀይ ጥለት ነጠላቸውን ለብሰው ጋራዡ ብቅ አሉ። ከወንበሩ ሥር የልጃቸውን ቀኝ ጫማ አወጡ፣ ጭቃውን በጣታቸው ፋቁ፣ ይዘው ሄዱ። ግራውን ተዉት። ያ ባዶ ጫማ ኢርፋንን ቀኑን ሙሉ ሲያየው ዋለ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ምሰሶውን ያያሉ። ኢርፋን ሌላ መኪና ሲቀጠቅጥ እንኳ መዶሻው ላቀው፣ ላቀው የሚል ይመስለው ነበር። ሚስቱ ጦይባ «ምን ነካህ? እህል አልቀመስክ» ስትለው «ሙቀቱ ነው» ይላታል፣ በዚያ የክረምት ብርድ። ላቀው ወንድሞች አሉት፤ ደም ደግሞ አይደርቅም ይባላል። ፈራ፤ ከፍርሃቱም በላይ የሰው ልጅ መብላቱ አንገበገበው።

አንድ ጠዋት ብየዳውን ቆርጦ ውራጅ ብረት ውስጥ ሊጥለው ወሰነ። ግራይንደሩን ሲያነሣ ከኋላው ድምፅ መጣ።

«ተው ልጄ፣ እሷን አትንካብኝ።»

እትየ ሀብትነሽ ቆመዋል። ተጠግተው የብየዳውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱ።

«ይችን ማን እንደ በየዳት ታውቃለህ?»

ኢርፋን ግራይንደሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ እንጃ፣ እትየ። ፍኖተ ሰላም የተሠራች ትመስላለች። የእኔ እጅ አይደለም፣ ወላሂ።»

በአላህ ስም መዋሸቱ ራሱን አሳቀቀው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ደጅ ወደ ቆመው ባጃጅ ተጣሩ፤

«ላቀው፣ በምርኩዝ አትድከም፣ እዚያው ቆየኝ፤ የበየዳት ሰው ፍኖተ ሰላም ነው አለኝ። ያን ቀን ውሃው አንገትህ ደርሶ፣ ብረቱ ሁሉ እምቢ ሲል መጋዙ ነክሶ ያወጣህ እሱ በበየዳት ምሰሶ ላይ ብቻ ነው፤ ሄደን እንፈልገው፣ እንደ በፊቷ አድርጎ ይበይድልናል።»